የዶብሌን ሶሎ

«እሺ፣ ማን ይጫወተዋል?» አሉ ሞሪን።

በልምምድ አዳራሹ የፊት ረድፍ የተቀመጡት ስምንት ኮርኔት ነፊዎች በሙሉ አቀርቅረው የጫማቸውን ክር ማየት ጀመሩ። ኮርኔት አጠር ያለች ትራምፔት ናት። የሆልደንክላፍ ከተማ ባንድ የሚጫወተው ማርሽ፣ የሰልፍ ሙዚቃው፣ ደግሞ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ብቻውን የሚነፋው የኮርኔት ሶሎ አለው፤ ያለ እሱ ማርሹ ማርሽ አይሆንም። ሶሎውን ይጫወት የነበረው ግራንት ከብስክሌት ወድቆ እጁን ተሰብሯል። የመንደር ለመንደሩ የባንዶች ውድድር የሚካሄድበት የጰራቅሊጦስ ዓርብ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ሞሪን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ባንዱንም የሚመሩት እንደ አውቶቡስ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳሉ፣ የዘገየ ይቀራል።

«ሊቢ፣ አንቺስ?»

«እኔ?» አለች ከዴላኒ አጠገብ የተቀመጠችው ሊቢ። «ኧረ እኔ አልችለውም። ሌላ ሰው ይሞክረው፣ እኔ አይገደኝም።»

ዴላኒ ጓደኛዋን ዞር ብላ አየቻት። አይገደኝም ካለች አይገዳትም ማለት ነው። ስለዚህ እጇን አወጣች።

«እኔ እችለዋለሁ» አለች። «በደንብ ነው የምችለው። ብጫወተው ደስ ይለኛል!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ ትልቁን ቱባ የሚነፉት አሌክ የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሞሪን ከመነጽራቸው በላይ ትንሽ አይተዋት «እሺ እንግዲህ» አሉና ወረቀቱን ገለጡ። ሶሎው በዚሁ የዴላኒ ሆነ።

ዴላኒ ፎስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። እናቷ እዚህ ሰሜን እንግሊዝ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝታ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሆልደንክላፍ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ላይ ዝናቡ አስለቅሷት ነበር፤ አሁን ግን ጃንጥላ ይዞ መውጣት የሞኝ ሥራ ይመስላታል። ከትምህርት ቤት መልስ ከሊቢ ጋር የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ኮምጣጤ የጠገበ ቺፕስ ከወረቀት ላይ መብላት ትወዳለች። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «ሆዴ» እያለች የምትጠራዋን የቺፕስ ሻጭ ትወዳለች። ከተማዋን እውነቱን ለመናገር ከልቧ ነው የወደደቻት።

ያልገባት የሰዉ ጠባይ ነው። በሆልደንክላፍ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ሰው እግሩ ተሰብሮ «ትንሽ ቆረጠመኝ» ይላል። እንደ ማር የሚጣፍጥ ምግብ በልቶ «አይከፋም» ብሎ ይነሳል። የዴላኒ አባት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በገና በዓል ኮንሰርት ላይ ከሰው ሁሉ መሐል ብድግ ብሎ «የኔ ልጅ! የኔ አንበሳ!» ብሎ ሲጮህ፣ አብሮት የተቀመጠው ረድፍ በሙሉ ጣሪያውን ይመረምር ነበር። ዴላኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሊቢ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ኮርኔቷ ውስጥ ሳቀችበትና እንደ ዳክዬ ያለ ድምፅ ወጣ። ጓደኝነታቸው የጀመረው ያን ቀን ነው።

ከሶሎው ወዲህ ግን ሊቢ አብራት ወደ ቤት መሄድ አቆመች። «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው የተጫወትሽው» ትላታለች፤ ከዚያ «ዛሬ እንኳ ሥራ አለብኝ» ብላ ሹልክ። ዴላኒ የፈተና ሰሞን ስለሆነ ነው ብላ ተወችው።

ለውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዴላኒ የባንዱን ቀይ ጃኬት ይዛ ሊቢ ቤት ሄደች። እጅጌው ረዝሞባት ነበርና የሊቢ እናት ላሳጥርልሽ ብላታለች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ ሆዴ፣ በመርፌ እንዳልወጋሽ» አለች የሊቢ እናት፣ በከንፈሯ አራት ስፒል እንደያዘች።

ከጓሮ በኩል ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ዴላኒ ጆሮዋን አቆመች። ኮርኔት ነው። ሶሎው ነው! ከታች ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣና ከፍተኛዋ ኖታ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ይቆማል፤ እንደገና ከታች ይጀምራል። ስንጥቋን ትተው ቢሰሙት ግን ልብ የሚነካ አነፋፍ ነው።

«ሬዲዮ ነው?»

«የምን ሬዲዮ! ሊቢ ናት እንጂ፣ ጋራዥ ውስጥ። ከገና ጀምሮ እኮ ነው። ውሻችን እንኳ መሮት ጎረቤት ቤት ነው የሚውለው።»

«ከገና ጀምሮ? ግራንት ሳይሰበር?»

«አያቷ ናቸው የሚያስጠኗት። ሠላሳ ዓመት የነፉት ሶሎ እኮ ነው። ከታመሙ ወዲህ ትንፋሽ የላቸውም፣ ስለዚህ እሳቸው በአፋቸው ያዜማሉ፣ እሷ ትነፋለች። ነገ ዶብሌን መንደር፣ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠው ባንዱን ይሰማሉ። ከዚያ አልፈው መሄድ አይችሉም።»

ዴላኒ ክንዷን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች።

«ታዲያ ለምን እሷ አልወሰደችውም? አይገደኝም ብላለች እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

የሊቢ እናት ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«እና አመንሻት?»

«አዎ!»

«አንቺ ልጅ! ሦስት ጊዜ ሳይለመን እሺ የሚል ሰው እዚህ ከተማ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የዴላኒ ፊት እንደ ጃኬቱ ቀላ። የአዳራሹ ጸጥታ፣ የአሌክ ጉሮሮ መጥረግ፣ የሞሪን አስተያየት፣ ሁሉም አሁን ገባት። ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሊቢ ሁለተኛውን ልመና ስትጠብቅ እሷ ዘላ ገባችበት።

«አሁኑኑ ሄጄ ውሰጂው እላታለሁ» ብላ ዘወር ስትል የሊቢ እናት እጅጌዋን ያዘች።

«እንዳትሞክሪው። ብትሞት አትቀበልሽም፤ ምጽዋት ነው የሚመስላት። ደግሞ አንቺም አልሰረቅሽም፣ ሞሪን ናት የሰጠችሽ። ተይው፣ ሆድ ይፍጀው።»

ማታ እራት ላይ ዴላኒ ድንቿን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ስታመላልስ አባቷ በደስታ ይፈነጥዝ ነበር።

«ቦታ አግኝቻለሁ! ዶብሌን፣ ከመጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት። ሌሎቹ መንደሮች መኪና ማቆሚያ የላቸውም። አያትሽን ኦሃዮ በስልክ አገናኝቼ በቀጥታ አሳያታለሁ። ፀጉሯን ልትሠራ ነው አለችኝ፣ ለስልክ!»

ዴላኒ ለመሳቅ ሞከረች። አያቷን ካየቻት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሶሎውን ደግሞ ትወደዋለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከንፈሯ እስኪያብጥ ሠርታበታለች። ሊቢ ከፈለገች ለምን አፍ አውጥታ አትናገርም? ተናደደችባት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ የተሰነጠቀችው ኖታ ትዝ አለቻትና ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ። እንቅልፍ የወሰዳት እንዲሁ ስትብሰለሰል ነው።

ዓርብ ፀሐይ ወጣ። ይህ ራሱ ተአምር ነው። ባንዱ በአውቶቡስ ተጭኖ ከመንደር መንደር ይዞር ጀመር። በየመንደሩ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ባንዱ በሰልፍ መንገዱን ይወርዳል፣ ከዚያ አንድ ቤት ፊት ቆሞ ማርሹን ይጫወታል። ዳኛው ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ጋርዶ ነው የሚቀመጠው። የትኛው ባንድ እንደሆነ፣ ማን እንደሚነፋ አያይም፤ ጆሮውን ብቻ ነው የሚጠቀመው።

በመጀመሪያዋ መንደር የዴላኒ ሶሎ ጥርት ብሎ ወጣ። በሁለተኛዋ አንዲት አሮጊት ከመስኮት እጃቸውን አወዛወዙላት። በአራተኛዋ ኖታዎቹ ከእሷ አልፈው በድንጋዩ ቤቶች መሐል ሲሄዱ ተሰማት፤ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አሌክ ሳይቀሩ ወደ አውቶቡሱ ሲገቡ በጣታቸው ትከሻዋን መታ አደረጓት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ ገና ኮረብታው ላይ ናት። አውቶቡሱ የመጨረሻዋን መንደር፣ የዶብሌንን ዳገት ያዘ። ሊቢ ከኋላ ወንበር ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወደ ውጭ ታያለች። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ኮርኔት እንደያዙ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። ራሷም ያወቀችው አይመስልም።

ዴላኒ አየቻት። ከዚያ ተነስታ እየተንገዳገደች ወደ ፊት ሄደች።

«ወይዘሮ ሞሪን፣ ከንፈሬ ደክሟል።»

ሞሪን ቀና አሉ። «ከንፈርሽ?»

«አዎ። ትንሽ።»

«አሁን እኮ እንደ ወፍ ስትዘምሪ ነበር።»

«ለዶብሌን ነው የደከመው» አለች ዴላኒ፣ ዓይናቸውን እያየች። «ለዶብሌን ብቻ።»

ሞሪን ወደ ኋላ ወንበር ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ዴላኒን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ሊቢ! እዚህ ሶሎው ያንቺ ነው!»

«እኔ?» ሊቢ ከመስኮቱ ተፈናጠረች። «ኧረ እኔ አልችለውም! ሌላ ሰው...»

«መቼ ጠየቅኩሽ?» አሉ ሞሪን። አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ።

ዴላኒ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስልኳን አወጣችና ለአባቷ ጻፈች። «ዶብሌን ላይ ሶሎውን የምትጫወተው ሊቢ ናት። ለአያቴ ንገራት።» መልሱ ወዲያው መጣ። «ምነው? አመመሽ እንዴ? ፀጉሯን ተሠርታለች እኮ!» ዴላኒ መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ጣቷ ትንሽ ከቆመ በኋላ «ደህና ነኝ፣ ማታ እነግርሃለሁ» ብላ ልካ ስልኩን ዘጋችው።

ወርደው ሲሰለፉ ሊቢ ቦታዋን ቀይራ ሶሎ ነፊው በሚቆምበት ዳር ቆመች። ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል።

«ከንፈርሽን አሳዪኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ከውጭ አይታይም።»

«ውሸታም።»

«የጀመርሽው አንቺ ነሽ።»

ሊቢ ዓይኗ ሞላ። ቶሎ ብላ ፊቷን አዙራ የጃኬቷን ቁልፎች፣ ሁሉም ተቆልፈው ሳለ፣ እንደገና ትቆልፍ ጀመር። ዴላኒ ሶሎውን ከሥር የሚያጅበውን የሁለተኛውን ድምፅ ወረቀት ተቀብላ ኮርኔቷ ላይ ሰካችው። ሦስት ሳምንት አላየችውም። ሶሎው በሚደርስበት ቦታ ለሁለተኛው ድምፅ የተጻፈው አንድ ረጅም ኖታ ብቻ ነው።

ትልቁ ከበሮ ሁለቴ ተመታ፤ ባንዱ መንገዱን ወረደ። በግራ በኩል መጠጥ ቤቱ አለ። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል አባቷ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ባንዱ ከተጋረደው መስኮት ሥር ቆመ። ሞሪን እጃቸውን አነሱ።

ማርሹ እንደ ልማዱ ሄደ፤ መሐሉ ላይ ሌላው ሁሉ ዝቅ አለና የሊቢ ኮርኔት ብቻዋን ወጣች። የሽማግሌው አንገት ቀና አለ። ማን እንደሆነች አወቁ፤ ከንፈራቸው አብሮ ማዜም ጀመረ። ሊቢ ቀስ እያለች ወደ ላይ፣ ወደዚያች ኖታ ወጣች፤ ዴላኒ ደረቷ የያዘላትን ያህል አየር ስባ፣ ከሥር ረጅሟን ድምፅ ሳታቋርጥ ያዘችላት።