የቡና አበባ የተሰፋበት ሱሪ

ጽዮናዊት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ጅማ ውስጥ፣ አወቱ መንደራ በሚባል ሰፈር ነው። እናቷ ወይዘሮ ያለምወርቅ እዚያው ቤታቸው የሰው ልብስ ይሰፋሉ። አባቷ አቶ ጥላሁን ሰኮሩ በምትባል ከተማ ስለሚሠሩ ቤት የሚመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

ጽዮናዊት ዓይኗን ገልጣ ታልማለች። እናቷ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ሲዘረጉ እሷ ሰማይ ይታያታል። የስፌት መኪናው ሲሮጥ ዝናብ የመጣ ይመስላታል። "ጽዮኔ፣ ክሩን አቀብዪኝ" ሲሏት ሦስት ጊዜ ካልተጠራች አትሰማም። ልጆች፣ ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ አለ። አሁን እንኳ አንዱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነው። ግድ የለም፣ እየሰማኸኝ እይ።

ሰኔ መጣ። ትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን ሊያከብር ነው። በዚያ ቀን ተማሪዎች ዩኒፎርም አይለብሱም። ሁሉም ያለውን ጥሩ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ጽዮናዊት በእናቷ ስልክ ላይ አንድ ሱሪ አየች። ከጉልበቱ በታች እንደ ቀሚስ ሰፋ ይላል። በጎኑ ከላይ እስከ ታች በክር የተሠራ ጌጥ አለው። የለበሰችው ልጅ የምትራመድ ሳይሆን ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ትመስላለች።

"እማዬ፣ እንዲህ ያለ ሱሪ እፈልጋለሁ" አለች።

እናቷ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ሥዕሉን በጣታቸው አጎሉት። ስፌቱን አዩ፤ ወገቡን አዩ።

"ይህንንማ እንሠራዋለን" አሉ።

"እዚሁ ቤት?"

"እዚሁ ቤት። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ አግዝሻለሁ።"

የአባቷን አሮጌ ጂንስ ከሻንጣ አወጡ። አባቷ በስልክ ሲጠየቁ "ውሰጂው፣ እኔንማ ከጠበበኝ ቆየ" ብለው ሳቁ። እናቷ የቆየውን ስፌት ቀስ ብሎ መፍታት አስተማሯት። ከዚያ በጠመኔ አሰመሩ፤ ቆረጡ፤ በልኳ አጠበቡ። ከጉልበቱ በታች በሁለቱም ጎን በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ አረንጓዴ ጨርቅ አስገቡበት። ጽዮናዊት ለብሳው አንድ ጊዜ ዞረች። አረንጓዴው ተከፈተ፤ ስትቆም ደግሞ ተመልሶ ተከደነ።

"አሁን ጌጡ ምን ይሁን?" አሉ እናቷ።

ጽዮናዊት ወደ መስኮቱ አየች። ውጭ ያካፋል። ከአራት ወር በፊት ሰርቦ የሚኖሩት አጎቷ ወንድወሰን ጋ ሄደው ነበር። ያን ሰሞን ዘንቦ ስለነበር ቡናው ሁሉ በአንድ ላይ አብቧል። ጠዋት ጉሙ መሬቱን ሸፍኖት ነበር። እሷም በጉሙ ውስጥ ስትሄድ የትኛው ጉም፣ የትኛው አበባ እንደሆነ መለየት አቅቷት ነበር። መዓዛው ብቻ ይመራት ነበር።

"የቡና አበባ" አለች።

ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት እየተመለሰች በነጭ ክር ሰፋች። የመጀመሪያው አበባ ሸረሪት መሰለ፤ ፈታችው። ሁለተኛው ጥቅል ጎመን መሰለ፤ እሱንም ፈታችው። መርፌው ጣቷን ስንት ጊዜ እንደወጋት ቆጥራ አትጨርስም። እናቷ አጠገቧ ሆነው የራሳቸውን ሥራ እየሠሩ "ክሩን ብዙ አትሳቢው" ብቻ ይሏታል። በመጨረሻ አምስት አምስት ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ነጭ አበቦች ከወገቧ አንሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረዱ። ጽዮናዊት በእጇ ስትዳብሳቸው የሰርቦ ጠዋት መጣባት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አላለቀም።

ከወላጆች ቀን በፊት ባለው ቀን፣ እናቷ የልብስ ቁልፍ ሊገዙ ገበያ ሄዱ። ጽዮናዊት ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ግድግዳው ላይ ሌላ ጂንስ ተሰቅሏል። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ነጅላ ነው። ለታናሽ ወንድማቸው ለአኒስ ስጦታ የገዙት አዲስ ሱሪ ነው፤ እንዲያጥር ብለው ሰጥተዋል። ከኋላ ወገቡ ላይ ቡናማ የቆዳ ማርካ አለው። በማርካው ላይ በወርቃማ ፊደል የውጭ አገር ስም ተጽፎበታል።

ጽዮናዊት ማርካውን አየችው። ከዚያ የራሷን ሱሪ አየች። የክፍሏ ልጅ ናርዲ ትዝ አለቻት። የናርዲ አክስት ከዱባይ ልብስ ትልክላታለች። ናርዲ የሰው ልብስ ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ማርካው ምንድን ነው?" ብላ ነው።

ጽዮናዊት ማለም ጀመረች። በሕልሟ ልጆቹ ሁሉ ከብበዋታል። ናርዲ ማርካውን ታነብባለች፤ ዝም ትላለች። "ከኋላ ነው ያለው፤ አኒስ ሸሚዙን ሲያወርደው አይታይም" አለች ለራሷ። ልጆች፣ ክፉ ሐሳብ ሲመጣ እንዲህ በለሆሳስ ነው የሚመጣው። አይጮህም።

ትንሿን መቀስ አነሣች። የማርካውን ክር ቆረጠች። ማርካውን በራሷ ሱሪ ወገብ ላይ ሰፋችው። ማንም አላያትም፤ እግዚአብሔር ግን ያያል። በማግስቱ እናቷ እንዳያዩባት ረጅም ሸሚዝ ደርባ፣ ቀድማቸው ወጣች።

ትምህርት ቤት ሕልሟ እውን የሆነ መሰለ። ልጆቹ ከበቧት። ጽዮናዊት ሸሚዟን ከፍ አድርጋ ዞረች። ናርዲ ማርካውን አነበበች።

"ከየት መጣልሽ?"

"ከዱባይ" አለች ጽዮናዊት። "አክስቴ ላከችልኝ።"

አክስት እንኳ የላትም።

ፈትያ የምትባል ጓደኛዋ ግን ዝቅ ብላ አበቦቹን በጣቷ ነካቻቸው። "ወላሂ ይሄ የቡና አበባ ነው" አለች። "የኛ ጓሮ አለ እኮ። ዱባይ ቡና ይበቅላል እንዴ?"

"እኔ እንጃ" አለች ጽዮናዊት። "ማሽን ነው የሠራው።"

ይህን እንዳለች አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ጠፋ። የሰርቦ ጠዋት፣ ጉሙ፣ መዓዛው፣ ሁሉም ጠፋ። ሱሪው እግሯ ላይ ዝም ብሎ ጨርቅ ሆነ።

ወዲያው ወላጆች መግባት ጀመሩ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ልጆቹ መጡ። ናርዲ ሰላም አለቻቸውና "እትዬ ያለምወርቅ፣ አክስቷ ከዱባይ የላከችላት ሱሪ በጣም ያምራል" አለቻቸው።

እናቷ ልጃቸውን አዩ። ሸሚዟ ወርዶ ማርካውን ሸፍኖታል። ጽዮናዊት አንገቷን ደፋች።

"አዎ" አሉ እናቷ ቀስ ብለው። "ያምራል።"

በመንገድ ላይ ምንም አላሏትም። ዝም ብለው እጇን ይዘው በካፊያው ውስጥ ወደ ቤት ሄዱ። ልጆች፣ ከቁጣ ይልቅ የእናት ዝምታ ይከብዳል። የቀመሰው ያውቀዋል።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ነጅላ ሱሪውን ሊወስዱ መጡ። ጽዮናዊት ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ወይዘሮ ነጅላ ሱሪውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ያለም፣ እዚህ ጋ የነበረው ማርካ የት ሄደ?"

እናቷ ወሰዱና አዩት። በርግጥ የለም። የክሩ ቀዳዳ ብቻ በመስመር ይታያል።

"ስተኩሰው ነቅዬው ይሆናል" አሉ እናቷ። ፊታቸው ቀላ። "ይቅርታ ነጅላ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ እተካልሻለሁ።"

"ይሄ እኮ ስጦታ ነው፤ ያገለገለ ይመስላል አሁን። ማሎ፣ እባክሽ ያለም፣ እስከዛሬ አምኜሽ ነው የማመጣው።" ወይዘሮ ነጅላ ድምፃቸውን አላነሡም፤ ግን አዝነዋል። "ከእንግዲህ ወዴት እንደምወስድ እንጃ።"

ወይዘሮ ያለምወርቅ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ከጠረጴዛው ሥር የተከመረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ በአንድ እያነሡ ማርካውን መፈለግ ጀመሩ።

ጽዮናዊት በመጋረጃው ስንጥቅ እናቷን አየቻቸው። እናቷ እዚያ የሌለ ነገር ይፈልጋሉ። ያላጠፉትን ጥፋት ተቀብለው ይፈልጋሉ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እናቷ ደግሞ ሌላ ቁርጥራጭ አነሡ፤ ደግሞ ሌላ።

መጋረጃውን ገለጠች።

"እማዬ፣ አትፈልጊው። እኔ ጋ ነው።"

ዞረችና ሸሚዟን ከፍ አደረገች።  ከዚያ ጽዮናዊት እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። መቀሱን፣ አክስቷን፣ ዱባይን፣ ማሽኑንም ሳይቀር።

እናቷ ከወለሉ ተነሡ። ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ጣትሽን መርፌ ሲወጋሽ አይቻለሁ" አሉ። "የትኛው ማሽን ነው የሠራው፣ ልጄ?"

ጽዮናዊት ወደ ወይዘሮ ነጅላ ሄዳ "እትዬ ነጅላ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች።

"አላህ ይቅር ይበልሽ፤ እኔም ብዬሻለሁ" አሉ ወይዘሮ ነጅላ። "ግን አንቺ ልጅ፣ በአንቺ ምክንያት እናትሽን በድያለሁ።" ዞረው ወይዘሮ ያለምወርቅን ትከሻቸውን ያዙ። "ያለም፣ አፉ በይኝ።"

እናቷ መቀሱን ለጽዮናዊት አቀበሏት። "ሱሪሽን ለውጪና ነይ። የቆረጥሽው አንቺ ነሽ፣ መልሰሽ የምትሰፊውም አንቺ ነሽ።"

ሌላ ልብስ ለብሳ ተመለሰች። ማርካውን ከራሷ ሱሪ ላይ ፈታች። በድሮው ቀዳዳ መርፌውን አንድ በአንድ እያስገባች መልሳ በቦታው ሰፋችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ወይዘሮ ነጅላ ሳይቸኩሉ ጠበቋት። የጽዮናዊትን ሱሪ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አበቦቹን በዓይናቸው ሲከተሉ ቆዩ። ሥራው ሲያልቅ የአኒስን ሱሪ አይተው "እንደነበረው ነው" አሉ። "የሚቀጥለውንም ለእናንተ ነው የማመጣው።"

የቀረው ግን ከዚህም ይከብድ ነበር። ዓርብ ዕለት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ሊወስዱ ሲሰበሰቡ፣ ጽዮናዊት ያንኑ ሱሪ ለብሳ ሄደች። ወገቡ ላይ ማርካው የነበረበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይታያል።

"ዋሽቻችኋለሁ" አለች ለልጆቹ። "ከዱባይ አልመጣም። የአባቴ ሱሪ ነበር። የሠራነው እኔና እናቴ ነን። ማርካው የሰው ነበር፤ መልሼዋለሁ።"

አንዳንዶቹ ሳቁ። ናርዲ "ውሸታም" አለቻትና ጥላት ሄደች። ጽዮናዊት አለቀሰች፤ ይህንን አልደብቃችሁም። እውነት የተናገረ ሰው ወዲያው አይጨበጨብለትም። ፈትያ ግን አልሄደችም።

"እኔ እኮ የቡና አበባ ነው ብዬ ነበር" አለች። "ሰርቦ ነው ያየሽው?"

ጽዮናዊት እንባዋን ጠርጋ ስለ ጉሙ ነገረቻት። ስትነግራት ያ ጠዋት ቀስ እያለ ተመለሰላት። ቅዳሜ ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ኃጢአቷን ተናዘዘች። ይህን ታሪክም ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ለእናንተ እንድነግራችሁም ፈቅዳልኛለች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ጽዮናዊት ስትከፍት ናርዲ ቆማለች። በእጇ የታጠፈ ሱሪ ይዛለች። ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

"አጥር ስዘል ነው" አለች፣ መሬት መሬት እያየች። "እናቴ ጣዪው አለችኝ። አንቺ... ይሄን ቀዳዳ ልትሸፍኚልኝ ትችያለሽ?"

"አልችልም" አለች ጽዮናዊት። የናርዲ ፊት ተቀየረ። ጽዮናዊት ግን በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችላት። "ራስሽ ትሸፍኚዋለሽ። እኔ አሳይሻለሁ። ግቢ።"

ሁለቱ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ናርዲ መርፌዋ ውስጥ ክር ለማስገባት ብዙ ሞከረች። ከዚያ ምን አበባ እንደምትሰፋ ለማሰብ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ክር አቀብዪኝ ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ፤ ሁለቱም አልሰሟቸውም።

ልጆች፣ የሌላውን ሰው ነገር ሳናስፈቅድ አንውሰድ፣ በእጃችን የሠራነውንም በውሸት አንሸፍን፣ ከተሳሳትን ደግሞ ሌላ ሰው ጥፋታችንን ሳይሸከምልን ፈጥነን እውነቱን እንናገር።