ጨርቅ ያልተወተፈበት ጥሩምባ

ደስታነሽ ጥሩምባውን ከከንፈሯ ስታላቅቅ ገበያው ጸጥ ብሎ ነበር።

የፍኖተ ሰላም የቅዳሜ ገበያ ጸጥ ሲል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። በጉ ሲጮህ፣ ነጋዴው ሲማማል፣ ከደምበጫ የመጣው አውቶቡስ ክላክሱን ሲያስጮህ ነው የሚውለው። አሁን ግን ከአዳራሹ መስኮት ማዶ ሳል እንኳ አይሰማም። ከዚያ አንዲት ሴት «ወየው! ወየው ወንድሜ!» ብላ ስትጮህ ገበያው ተከትሎ ጮኸ።

ደስታነሽ ያደረገችው ነገር ያኔ ገባት። ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

አባቷ አቶ ላቀው ልብስ ሰፊ ናቸው። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይውላሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ የእድሩን ጥሩምባ የሚነፉት እሳቸው ናቸው። ድምፁ ረጅም ይወጣል፣ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ስብር ይላል። ያን ድምፅ የሰማ ገበሬ በሬውን ያቆማል፤ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንደሳቸው አድርጎ የሚነፋ ሌላ ሰው የለም።

ልጆች «የሞት ጠሪ ልጅ» ይሏታል። ትንሽ ሳለች ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን ግን ዘመድ የሌለው ተሸካሚ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሞተ። «እድር የለው፣ ወገን የለው፤ ለማን ብለህ ትነፋለህ?» አሏቸው አባቷን። እሳቸው ስሙን ጠየቁ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ጉብታው ላይ ወጥተው ለባለርስት እንደሚነፉት አድርገው ነፉለት። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀበረው። ደስታነሽ ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም። ይልቅስ አባቷ ሲለማመዱ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች።

አቶ ላቀው ሲለማመዱ ሰፈሩ እንዳይደነግጥ ከስፌት የተረፈ ጨርቅ ጠቅልለው የጥሩምባው አፍ ውስጥ ይወትፋሉ። ያኔ ድምፁ ከጓዳ አይወጣም። ልጃቸው ስትለምናቸውም እንዲሁ ጨርቅ ወትፈው ይሰጧታል። «ጨርቁን አትንኪ እንጂ እንደፈለግሽ ንፊ» ይሏታል። እሷም ነፋች። የምታውቀው አነፋፍ ታዲያ ያው የአባቷ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት አዳራሹን ልትጠርግ ብቻዋን መጣች። አዳራሹን የሠራው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከገበያ ከሚሰበስበው ቀረጥ ቆርቆሮውን አለበሰው፣ ከበሮና ጥሩምባ ገዛ፣ ከጀርባው የኳስ ሜዳ አስጠረገ፣ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ያገለገሉትን ሃምሳ አለቃ ይርሳውን ደመወዝ ቆርጦ አስተማሪ አድርጎ አመጣ። የከተማው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚሄድበት አገኘ። ደስታነሽ ከዘፋኞቹ ናት፤ ጥሩምባው ለወንዶቹ ነው የተሰጠው። ጠዋት ግን ጥሩምባው ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃል፣ ሰው የለም። አንዴ ብቻ ልሞክረው አለች። ጨርቅ የሌለበት ጥሩምባ ነፍታ አታውቅም። ድምፁ እንዲህ ይገዝፋል ብላ ከየት ታስብ?

በሩ ተበርግዶ እጅጉ እያለከለከ ገባ። የሰባተኛ ክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ያን ጥሩምባ የሚነፋው እሱ ነው።

«አንቺ ነሽ?»

«ልሞክረው ብዬ…»

«ጉድ ፈላ!» መስኮቱን ዘጋው። «ሽማግሌዎቹ ዛሬ እዚሁ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ስለኛው ተሰብስበው! የዘንድሮው ገንዘብ ለአዳራሹ ይሁን ወይስ ለቄራው አጥር እያሉ። ባላምባራስ እንደሆኑ ‹የገበያው ቀረጥ ለጭፈራ!› እያሉ ነው። የቡሬ ከተማ ልጆች ይህን ቢሰሙ ዓመቱን ሙሉ ይስቁብናል።»

በበሩ ስንጥቅ አዩ። ከፊት የምትሮጠው ቅቤ ሻጯ እትዬ ንግሥቴ ናት፤ ወንድሟ ጤና ጣቢያ ተኝቷል። ቅቤዋን ፀሐይ ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ፊቷን በእንባ አጥባ መጥታለች። ከኋላዋ ሰው ይግተለተላል። «ማነው? ማነው የሞተው?» ይላል ይሄኛው፤ «እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» ይላል ያኛው።

ባላምባራስ ወልደ ገብርኤል ከቢሮው ወጡ። የከተማው ሽማግሌም የእድሩም ዳኛ ናቸው። ግራ ቀኝ አዩና «ላቀውን ጥሩልኝ!» አሉ። ሌላ ሰው ማንም አልጠረጠረም።

አቶ ላቀው የልብስ መለኪያቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መጡ። ድምፁን በረንዳቸው ላይ ሆነው ሰምተውታል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አዳራሹ በር አዩ። ደስታነሽ ከስንጥቁ ራቀች።

«ማነው የሞተው አቶ ላቀው?» አሉ ባላምባራስ።

«የሞተ የለም።»

«ጤና ጣቢያም?» አለች እትዬ ንግሥቴ።

«ወንድምዎ ደኅና ነው። አሁን ሳልፍ በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አይቼዋለሁ።»

እትዬ ንግሥቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ምን በደልኩዎ? ልቤን አፈረሱት እኮ!»

አቶ ላቀው እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሷት። «ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ።»

«ታዲያ ማነው የነፋው?» አሉ ባላምባራስ።

አቶ ላቀው የልብስ መለኪያቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ከዚያ «የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ።

የእድሩን ሕግ ሕፃን ያውቀዋል። ሞት ሳይኖር ጥሩምባ ያሰማ ሰው ጥሩምባውን ያስረክባል፤ ሁለተኛ አይነፋም። አቶ ላቀው ቤታቸው ሄደው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡት። በሁለት እጃቸው ሰጡ። ባላምባራስ ሲቀበሉ ፊታቸውን አዞሩ። «ካንተስ አልጠበቅሁም ነበር» አሉ። ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ገበያው ተመለሰ፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ስብሰባቸው ገቡ።

«ተረፍን!» አለ እጅጉ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

«ማን ተረፈ?»

«ስሚኝ ባክሽ። ዝም በይ። አባትሽን ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል፤ ሁለት ለቅሶ አልፎ ሦስተኛው ሲመጣ ለምነው ይመልሱላቸዋል። ይሄ አዳራሽ ግን ከተዘጋ ተዘጋ። ሃምሳ አለቃ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ያው ከአህያ ኋላ።» ጥሩምባውን በእጅጌው ወለወለው። «ከዚህ ሌላ የምችለው ነገር የለኝም እኮ ደስታ።»

ውሸቱን አልነበረም። ለዚህ ነው ያልተቆጣችው። መጥረጊያውን አስቀምጣ ወጣች።

አባቷ መኪናቸውን እየረገጡ ነበር። የአንድ ገበሬ ኮት እጀታ ይገጥማሉ። ቀና አላሉም።

«አባዬ፣ ለምን አልነገሩብኝም?»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ነኝ የነፋሁት።»

«እኔን ነው የምትነግሪኝ? እኔ መርፌ ስሰካ ነበር፤ ሰምቼ እጄ ቆመ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ያለ ጨርቅ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። መጨረሻው ላይ ሲሰበር… እኔ እንደዚያ የሰበርሁት ስንት ዓመት ነፍቼ ነው።»

«ጥሩምባዎን ወሰዱብዎ።»

«አንድ ጥሩምባ ነው የወሰዱት።» እግራቸው መርገጡን ቀጠለ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የነፋሁት ሞት ነው። ደግ ሥራ ነው፤ አላፍርበትም። ግን ሰው ድምፄን ሲሰማ ስቆ አያውቅም። ያ አዳራሽ ሲሠራ ‹ይኸው በዚህ አገር ጥሩምባ ለሌላም ነገር ሊነፋ ነው› አልሁ። እንዲዘጋ አልፈልግም። ሂጂ አሁን፣ አዳራሽሽን ጥረጊ።»

ደስታነሽ ቆማ አየቻቸው። የተሸካሚውን ቀብር አሰበች። ለዚያ ሁሉ ሰው ነፍተው ዛሬ ለራሳቸው አንድ ቃል አላወጡም። ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብላ ከወዳደቀው ቁርጥራጭ አንድ የካኪ ጨርቅ አነሳች። ጠቀለለችውና ጨበጠችው።

የመኪናው ድምፅ ቆመ። አባቷ ጨርቁን አዩ።

ቢሮው በር ላይ ስትደርስ የአዳራሹን ጥሩምባ ይዛ ነበር። እጅጉ «አንቺ! አንቺ እብድ!» እያለ ከኋላዋ ይከተላል። ውስጥ ሃምሳ አለቃ ይርሳው ቆመው እየተናገሩ ነው። «ልጆቹ ጠጅ ቤት ከሚያድሩ…» ሲሉ ባላምባራስ አቋረጧቸው።

«ምንድን ነው ልጄ? እዚህ ስብሰባ ላይ ነን።»

«የነፋሁት እኔ ነኝ ባላምባራስ። አባቴ አይደሉም። ከአዳራሹ ውስጥ ሆኜ፣ በዚህ።»

ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንዱ ሳቁ።

«አባትሽን ለማዳን ነው» አሉ ባላምባራስ፣ ሳይቆጡ። «አይከፋም። ግን እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ነው የሸበትሁት። ያን ድምፅ ሴት ልጅ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ አታወጣውም።»

«ላሰማዎ?»

«እንዴት አድርገሽ? ገበያውን ሁለተኛ ልታስለቅሺው?»

ደስታነሽ ጨርቁን የጥሩምባው አፍ ውስጥ ወተፈችው፤ ልክ እንደ አባቷ፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ ነፋች። ረጅም ወጣ፣ ወጣ፣ መጨረሻ ላይ ስብር አለ። ከክፍሉ አላለፈም። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ባላምባራስ ወልደ ገብርኤል በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጥሩምባ ከጎናቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉት።

«ለአባትሽ ትወስጅለታለሽ። ይቅርታ ለመጠየቅ እኔ ራሴ እመጣለሁ በይልኝ።» ከዚያ የያዘችውን ጥሩምባ አዩ። «አንቺስ? ከዚህች ሌላ የምትነፊው አለሽ?»

ደስታነሽ ሃምሳ አለቃን አየች። ሃምሳ አለቃ ወለሉን ያያሉ። አዎ ብትል ውሸት ነው።

«የለኝም። የመስቀል በዓሉን ዘፈን በአፌ አውቀዋለሁ። ከዘፋኞቹ ጋር። በጥሩምባ ነፍቼው አላውቅም።»

«ካበላሸሽውስ?»

«ከተበላሸማ እናንተው ታውቃላችሁ።»

አንዱ ሽማግሌ «ምላስ!» አሉ። ባላምባራስ ግን ተነሥተው መስኮቱን በሰፊው ከፈቱት። የገበያው ሁካታ ገባ።

«ገንዘቡ የኛ አይደለም» አሉ ለባልንጀሮቻቸው፤ «እዚያ ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ሰው ገንዘብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እኛ ስንከራከር እሱን ማን ጠየቀው? ይስማና ይፍረድ።» ወደ ደስታነሽ ዞሩ። «ጨርቁን አውጪው።»

እጇ ወደ ጥሩምባው አፍ ሄደና ቆመ።

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ ባላምባራስ።» ወደ በሩ ዞረች። «እጅጉ፣ ሩጥ። እትዬ ንግሥቴ ዘንድ ሂድ። የሞተ የለም በላቸው። አሁን የሚሰሙት ጨዋታ ነው በላቸው። ለሁሉም ንገር፣ ለሳቸው ግን መጀመሪያ።»

እጅጉ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ሮጠ።

ደስታነሽ መስኮቱ ላይ ቆማ ጠበቀች። እጅጉ በጉን ዘልሎ፣ በእህል ጆንያዎቹ መሀል ተሽሎክልኮ፣ ቅቤ ተራው ደረሰ። እትዬ ንግሥቴ ጎን በርከክ ሲል አየችው። እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ሴትዮዋ ቀና አለች፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ አየች። ወዲያ ማዶ፣ በረንዳው ላይ፣ አባቷ ከመኪናቸው ተነሥተው ቆመዋል።

እትዬ ንግሥቴ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ደስታነሽ ከንፈሯን አራሰች። ጨርቁን ስባ አወጣችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።