«መጥፎ አይደለሁም» ያለው ሕመምተኛ

በእኛ በአውስትራሊያ ገጠር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «መጥፎ አይደለሁም» ይላል። እግሩ ቢሰበርም ይላል፣ ሎተሪ ቢደርሰውም ይላል። ይህችን መልስ እንደ እውነት የተቀበለች አንዲት ሐኪም ምን እንዳስከተለች ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ክላይቭ የከተማችን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነበር። በዚያ ክፉ የጫካ ቃጠሎ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን ሳያወጣ መኪናውን ለማዞር ተገደደ። ሽማግሌው በእሳቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ክላይቭን ድብርት ያዘው፤ ኪኒኑ ቢለዋወጥለትም አልለቀቀውም። የመንግሥት ሆስፒታላችን ከእንጉዳይ የሚገኘውን፣ የተቀበረ ሐዘንን ቀስቅሶ የሚያወጣውን አዲስ መድኃኒት መስጠት ሲጀምር እሱም ወረፋ ያዘ። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውይይት፣ በዕለቱ ሁለት ባለሙያ አጠገቡ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለሳምንታት ቁጭ ብሎ መነጋገር።

ይህን ሕክምና የሚሰጠውን ክፍል የምትመራው ዶክተር ሮንዳ ግን የወረፋው መርዘም አስጨነቃት። የኋለኛውን ውይይት ሰርዛ በአንድ የስልክ ጥሪ ተካችው።

በመድኃኒቱ ቀን ክላይቭ ዓይኑን ተሸፍኖ እንደተኛ የሽማግሌውን ስም እየጠራ አለቀሰ። ማምሻውን ሚስቱ ኖሊን ልትወስደው መጣች።

«ከእንግዲህ ማን ያነጋግረዋል?» አለች።

«እንደውላለን። ዋናውን ሥራ መድኃኒቱ ሠርቶታል» አለች ሮንዳ።

«እኔ በግ መሸለት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም እኮ። በዚህ ሁኔታ ይዤው ልሂድ?»

«ኖሊን፣ ውጭ ስንት ሰው እየጠበቀ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለእሱ የምጨምረውን ሰዓት ከማን ልቀማ?»

ኖሊን ባሏን ደግፋ ወደ መኪናዋ ወሰደችው። ጥያቄው ክፉ አልነበረም፤ ሮንዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ሰዓቱን ግን ከራሱ ከክላይቭ ነበር የቀማችው።

በሳምንቱ ደወለችለት።

«እንዴት ነህ ክላይቭ?»

«መጥፎ አይደለሁም። አንቺስ?»

«እኔም መጥፎ አይደለሁም።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሮንዳ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቃሉ ባዶ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ግን መልሱ ተመቻት።

በማግስቱ ክላይቭ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ኖሊን ደርሳበት ለጥቂት ተረፈ።

ሮንዳ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ሽማግሌው ዓይኔ ላይ ቆሟል» አላት። «ድሮ እንኳ ሸሽቼው ነበር የምኖረው። እናንተ በሩን ከፍታችሁ ሄዳችሁ።»

«ለምን በስልክ አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

«ጠይቄህ ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። አፍራ መልሳ ዘጋችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው በመጨረሻ። «መድኃኒቱ አይደለም የበደለህ፣ እኔ ነኝ።» ይህን ስትል እንባዋን አልደበቀችም።

ወገኖቼ፣ አዲስ መድኃኒት ወደ ሕዝብ ሆስፒታል ሲገባ መድኃኒቱን ብቻ አስገብቶ የሚያዳምጠውን ሰው ውጭ ማስቀረት ሕክምና አይባልም። ወረፋ ማሳጠር ደግ ነው፤ ከሕመምተኛው ሕክምና ላይ እየቆረጡ ግን መሆን የለበትም። ሮንዳ የሰረዘችውን ውይይት መልሳለች። ወረፋው ረዝሟል፤ የሚጠብቁትን ሰዎች ምክንያቱን ራሷ እየቀረበች ታስረዳቸዋለች። ብዙዎቹ ይቆጧታል፣ ታግሣ ትሰማቸዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ክላይቭ ቤት ትሄዳለች።

ሮንዳን ይቅር ብላት እንደሆነ ኖሊንን ጠየቅኋት።

«ገና ነኝ» አለችኝ። «ግን ክላይቭ ያወራታል። እስኪጨርሱ ሻይ አፍልቼ እጠብቃለሁ።»