ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ቦታ

ይሄ ተረት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ ይቅር በሉኝ። እየጻፍኩ አይደለም፤ እኔ ለስልኬ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፈዋል። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ደግሞ እኩለ ሌሊት፣ መቃብር፣ የውሻ ጩኸት ምናምን እንዳትጠብቁ። የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታች መንገድ ላይ ሾፌሮች ይሰዳደባሉ።

እኔ ግን ጨለማ ውስጥ ነበርኩ። ሥራዬ ነዋ።

የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ሰው አንድ ቀን የጨፈረውን እኔ ሳምንት ሙሉ አየዋለሁ። የሚያዛጋውን አጎት ቆርጬ አወጣለሁ፣ የሙሽራዋን እንባ አስረዝማለሁ፣ ቬሎው ነጭ እንዲሆን ቀለሙን አስተካክላለሁ። ቀለም በትክክል የሚታየው ክፍሉ ሲጨልም ነው። ስለዚህ ያለችው አንዲት መስኮት በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተሸፍናለች። ጠረጴዛዬ ግድግዳውን ተደግፏል።

በስክሪኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር ነው።

ይቺን ስንዝር ያዙልኝ።

ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። አሸዋ የተበተነበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ከቅንድቤ በላይ ራሴን ይፈልጠኛል። ሐኪሙ ዓይኔን አየና "እረፍት ያስፈልግሻል" አለኝ። ሳቄ መጣ። እረፍት የት ሱቅ ነው የሚሸጠው?

እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ታናሽ እህቴን የማስተምራት እኔ ነኝ። የፋርማሲ ተማሪ ናት፣ የመጨረሻ ዓመት። "ዶክተሬ" ነው የምላት። ፋርማሲስት ዶክተር አይደለም ብትለኝም አልሰማትም። እኔ ካላየሁ እሷ አትማርም። ነገሩ ይሄው ነው።

ነገሩ በጀመረበት ቀን ዘግይታ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። አየችኝና ሳህኑን ሳታስቀምጥ ቆመች።

"እታለም፣ ዓይንሽ ደም መስሏል እኮ!"

"ልማዱ ነው።"

"ምን ልማድ አለው! ጨለማ ውስጥ አንድ የሚያበራ ነገር ላይ አፍጥጠሽ እየዋልሽ። ከስክሪኑ ጀርባ ትንሽ መብራት ቢኖር፣ ግድግዳው ፈካ ቢል፣ ዓይንሽ እንደዚህ አይለፋም።"

ከቦርሳዋ አንድ ጥቅልል አወጣች። እንደ ፕላስተር የምትለጠፍ የመብራት ጥብጣብ ናት፤ ትንንሽ አምፖሎች ተደርድረውባታል። መንገድ ላይ ያገለገለ ዕቃ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው የገዛቻት።

ማጣበቂያዋ ላይ የተላጠ የግድግዳ ቀለም ነበረ። ሰማያዊ። የማን ግድግዳ እንደሆነ እንጃ...

ጋሽ ፍላሽ በበሩ ብቅ አለ። የስቱዲዮው ባለቤት ነው፣ ፎቶ አንሺ።

"ነጭ ናት?" አለ ጥብጣቧን እያየ። "ባለቀለም ከሆነች ሙሽራዋን አረንጓዴ አድርገሽ እንዳታስረክቢኝ!"

"ነጭ ናት፣ ጋሼ" አለችው እህቴ።

"እንግዲያው ለጥፉ። ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን አለ።" እየሳቀ ሄደ።

እህቴ ጠረጴዛው ስር ገብታ፣ ተጠማዝዛ፣ በገዛ እጇ ስክሪኑ ጀርባ ለጠፈችልኝ። ሽቦውን እዚያው ስክሪኑ ላይ ሰካችው። ስክሪኑ ሲበራ ትበራለች፣ ሲጠፋ ትጠፋለች።

ስታበራው ግድግዳው በስሱ ፈካ።

ወዲያው አልገባኝም ነበር። ሥራዬን ቀጠልኩ። ቆየት ብዬ ልብ ስል ግንባሬ ተፈቷል። ዓይኔ አይቆረቁርም። የሆነ ሰው ከላዬ ላይ ሸክም ያወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። አለቀስኩ እላችኋለሁ። በመብራት!

ጥላዋን ያየሁት በማግሥቱ ነው።

ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ በኩል፣ ብርሃኑ መሐል፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር።

ሽቦ ነው አልኩ። ሽቦውን ሰብስቤ አሰርኩት። ጥላዋ ግን እዚያው ናት።

አምፖል ተቃጥሎ ይሆናል አልኩ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ይበራሉ።

እንግዲህ እኔ ከብርሃን ጋር ነው ያረጀሁት፤ ጥላ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የእኔ ጥላ ሊሆን አይችልም። መብራቱ ያለው ከስክሪኑ ጀርባ፣ እኔ ያለሁት ከፊቱ። እዚያ ግድግዳ ላይ ጥላ የሚጥለው በስክሪኑና በግድግዳው መካከል ያለ ነገር ብቻ ነው።

እዚያች ስንዝር ውስጥ ያለ ነገር።

ዝም አልኩ። ዓይኔ ጤና ሲሆን ሌላውን ማን ይጠይቃል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ጥላዋ ግን ትረዝም ጀመር። መጀመሪያ ጣት... ከዚያ ክብ ነገር... ከዚያ ከክቡ በታች የትከሻ ቁልቁለት...

አንድ ቀን ከሰዓት ኮምፒውተሩ ፊልሙን አዘጋጅቶ እስኪያወጣ ወንበሬ ላይ ተደግፌ እጠብቃለሁ። ግድግዳውን አየሁ።

ከጥላው ጎን ክርን ወጣ።

ቀስ ብሎ... ወደ ላይ... ወደ ፊቱ...

ዓይኑን እያሸ ነበር። በእጁ አንጓ።

እኔ ዓይኔን የማሸው በእጄ አንጓ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ። እናቴ "ድመት" ትለኝ ነበር።

መብራቷ ከተለጠፈች ጀምሮ እኔ ግን አሽቼ አላውቅም። አልቆረቆረኝማ።

ያን ምሽት ቤት ስገባ እህቴ የመድኃኒት ካርቶን ይዛ ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች፣ ታርቃለች።

"እታለም፣ ይሄ ምን ይላል?"

አነበብኩላት። ጥቃቅኑን ጽሑፍ ሁሉ፣ ቁልጭ አድርጌ።

"እኔ ጭጋግ ጭጋግ ነው የሚለኝ" አለች። "ጥናቱ ነው መሰለኝ። ዛሬ ክፍል ውስጥም ሰሌዳው አልታይ አለኝ።"

"ተኚ በቃ፣ ደክሞሽ ነው" አልኳት።

በማግሥቱ ስቱዲዮ ገብቼ ስክሪኑን አበራሁ። ጥላው አለ። ጨከንኩና እጄን ከስክሪኑ ጀርባ አስገባሁ። የእጄ ጥላ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ አምስት ጣት።

አጠገቡ ያለው ጥላ ወደ ጎን ሸሸት አለ።

ፈርቶ አይደለም። አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው "እዚህ ተቀመጪ" ብሎ እንደሚጠጋው ነው የተጠጋልኝ።

እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እህቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መቃኑን በእጇ ትዳስሳለች።

"ዶክተሬ? ግቢ እንጂ።"

"እታለም... አንቺ ነሽ?"

ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ እኮ ነው!

ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ዞረች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ያ ማነው?"

"የቱ?"

"ከስክሪኑ ጀርባ የቆመው። ሌላው ሁሉ ደብዝዞብኛል፤ አንቺም ደብዝዘሽብኛል። እሱ ብቻ ነው ጥርት ብሎ የሚታየኝ..."

በእኛ ቤት ክፉ ነገር በግልጽ አይነገርም። አባታችን ሲሞት ለእህቴ "መንገድ ሄዷል" ያልናት እኛ ነን፤ እስክታድግ ድረስ ጠበቀችው። ሰው እንዳይደነግጥ ነገርን መሸፈን እንደ ደግነት እየታየ ነው ያደግነው።

እና ሸፈንኩት።

"የጋሼ ኮት ነው" አልኳት። "ሰቅሎት ሄዶ።"

"ኮት ነው?" አለች። "ዓይኑን ሲያሽ ያየሁት መሰለኝ..."

ታክሲ አሳፍሬ ላክኋት። ተመልሼ ገባሁና ጥብጣቧን መንጭቄ ገነጠልኳት። ስትላቀቅ የግድግዳችንን ቀለም ይዛ መጣች፤ ስክሪኑ ላይ ነበር የተለጠፈችው፣ ግድግዳውን ነክታው አታውቅም። ሰማያዊው ላይ ግራጫ ተጨመረ።

እዚያ ልተዋት ፈራሁ፣ ጋሽ ፍላሽ እንዳይጠቀምባት። ሩቅ ወስጄ እጥላታለሁ ብዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

የዓይኔ ሕመም ወዲያው ተመለሰ። አሸዋው፣ ፍልጠቱ፣ ሁሉም ከነጓዙ። እህቴ ደግሞ በዚያው ምሽት የእጅ ሰዓቷን ቁጥሮች አነበበችልኝ። ደስ አለኝ። ዓይኔን በአንጓዬ እያሸሁ ደስ አለኝ። ይቆርቁረኝ፣ ምን አባቱ! እሷ ትይልኝ እንጂ።

"መብራቷስ?" አለችኝ።

"ተበላሸች።"

እውነቱን ነግሬያት ቢሆን ኖሮ... በቃ፣ አልነገርኳትም። ፈተናዋ ደርሷል፣ ምን አስደነገጣት ብዬ። ጥብጣቧ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለችም በሥራ ስዋከብ ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሥራ ላይ ዓይኔ እየነደደ ነው የዋልኩት። ስለዚህ መጀመሪያ አልገረመኝም። የሙሽሮቹ ፊት ሲደበዝዝብኝ ድካም ነው አልኩ። ጋሽ ፍላሽ "ይሄ ቬሎ ምነው ቢጫ ሆነ?" ሲለኝ ድካም ነው አልኩ።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። መቆርቆሩ ቆሟል። ይደበዝዝብኛል እንጂ ሕመም የለውም።

ዛሬ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ተመለስኩ። ደረጃውን በእጄ እየዳሰስኩ ወጣሁ። በሩን ከፈትኩ።

"እታለም መጣሽ!" አለች እህቴ። ድምጿ ደስ ብሎታል። "ነይ እዪማ፣ አልተበላሸችም እኮ! ቦርሳሽ ውስጥ አገኘኋት። ላፕቶፔ ጀርባ ለጠፍኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ሳጠና ዓይኔን አንዴ እንኳ አላመመኝም። ላስገርምሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ!"

ዝም ያልኩሽ።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።

ፊቷ አይታየኝም። ጠረጴዛው አይታየኝም። መስኮቱ የፈሰሰ ወተት መስሏል። ከላፕቶፑ ጀርባ ግን፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ... የቆመውን አየሁት። ጥላ አይደለም አሁን። የእጁ አንጓ ቆዳ በማሸት ብዛት ተልጧል። ያ ይታየኛል።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለች።

"ደክሞኝ ነው። ፈተናሽ መቼ ነው?"

"ነገ ይጀምራል፣ ዓርብ ያልቃል። እታለም፣ ዘንድሮ አንደኛ ነው የምወጣው፤ አንድ ፊደል አያመልጠኝም!"

ልገነጥላት ተነሳሁ። ከዚያ አሰብኩ። ዛሬ ብገነጥላት የእሷ ዓይን ነገ ጠዋት ምን ይሆናል? እኔ ካላየሁ እሷ አትማርም እል ነበር። ይኸው አላየሁም፣ እሷም እየተማረች ነው።

እስከ ዓርብ እችለዋለሁ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አልነገርኳትም።

አሁን ተኝታለች። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነው ይህን የማወራው። ቅድም፣ ከመተኛቷ በፊት፣ እንዲህ አልኳት፦

"ዶክተሬ፣ መብራቷን አጥፊልኝ። ግድግዳው ፈክቶብኛል።"

"አጥፍቻት እኮ ቆየሁ" አለች በእንቅልፍ ድምፅ። "ላፕቶፑንም ዘግቼዋለሁ። ምኑን ነው የምታዪው?"

"ምንም" አልኳት። "ተኚ።"

ግድግዳው ግን አሁንም እንደፈካ ነው። እሱም አለ። ዓይኑን በአንጓው ያሻል፣ ያሻል... ሲያዩት ያሳዝናል። ከእኔም በላይ ደክሞታል።

ቆይ...

ማሸቱን አቆመ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ጎን ጠጋ አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

አጠገቡ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ለቀቀልኝ።