ያልተቆረጠችው ሐረግ

በ፲፱፻፪ ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ጥቅጥቅ ካለው ደን ጫፍ ደረሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጥረቢያ ድምፅ ከጧት እስከ ማታ አልተቋረጠም።

ከዛፍ ቆራጮቹ አንድ ዓመት ቀድሞ ደኑ የገባ አንድ ሐረግ ቆራጭ ነበረ፤ ዛፍና ዛፍን ያሰረ ሐረግ ቀድሞ ተቆርጦ ካልደረቀ፣ የሚወድቀው ዛፍ ጎረቤቱን ጎትቶ በሰው ላይ ይጥላልና። ሐረጉ ያለቀለትን ግንድ ኖራ ይቀባዋል፤ ቆራጮቹም ኖራውን ካዩ ቀና ብለው አይመረምሩም። ዛፍ አወጣጡን ያዩ ሁሉ «ጦጣው» ይሉት ነበር።

ጦጣው ያን ዓመት ሙሉ ሐረግ ሲመትር ከርሞ አንዲቱን ብቻ ማረ። ከእርጥቡ ሸለቆ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥላ በቅላ፣ ሁለት ግዙፍ ዛፎችን ተብትባ ወጥታለች፤ ቅጠሏ በበጋም አይረግፍም። ጫፍ ድረስ ቢወጣ፣ ከታች ማንም የማያየው ነጭ አበባ ሰማዩ ሥር ተዘርግቶ ጠበቀው። ቢላዋውን አነሣ፤ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐዲዱ እንደሁ በዚህ አያልፍ ብሎ ራሱን አታለለ፤ የሐዲዱ ሥራ ሹም እንዳይጠይቁት ግን ሁለቱን ግንዶች ኖራ ቀባ።

አንድ ቀን ጧት የሐዲዱ መሐንዲስ መስመሩን ወደ ሸለቆው ማዞሩን ሰማ፤ ቆራጮች ይዞ ወደዚያ የተላከውም የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቢናገር ወህኒ ይጠብቀዋል። ቁጭ ብድግ አለ፤ ያልዶለዶመ ቢላዋ ሳለ፤ ውኃ ቀድቶ ሳይጠጣ ደፋው። ከሸለቆው የመጀመሪያውን የመጥረቢያ ድምፅ ሲሰማ ግን ቢላዋውን ጥሎ ሮጠ።

ሲደርስ የአንደኛው ዛፍ ግንድ ከግማሽ በላይ ተበልቷል።

«ተው፣ አትምታው። ሰዎችህን አርቅ።»

«ምነው ጋሼ፣ ኖራህ አለበትኮ።»

«ኖራው ውሸት ነው።»

ወንድሙ ቀና ብሎ ሐረጓን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሰዎቹን ጠርቶ ሸሸ። ጥቂት ቆይቶ ነፋስ መጣና ግንዱ ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ሐረጓም ሁለተኛውን ዛፍ ከነሥሩ ነቅላ ሰዎቹ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ ከሰከሰችው። መሬቱ ሁሉ ነጭ አበባ ለበሰ። ሹሙ መጥተው ኖራውን ማን እንደቀባ ሲጠይቁ፣ ወንድሙ «ምልክቱን ዝናም አበላሽቶብን ይሆናል፣ ጌታዬ» ማለት ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለ ጦጣው፤ ሁለት ዓመትም ታሰረ።

የሐዲዱ ታሪክ ኋላ በመጽሐፍ ሲጻፍ የመሐንዲሱ አርቆ አሳቢነት ተመሰገነ፤ በዚያ ሸለቆ ሥራ አንድም ሰው አለመሞቱም ተመዘገበ። ለምን እንዳልሞተ ግን የጻፈ የለም።