ወፏ የጠራችው ስም

የሰፈሩ ወፍ ጠባቂ ስንዱ ወፏን መስኮቱ ዳር አስቀመጠቻትና ፀሐይ እስክትጠግብ ጠበቀች። ወፏ የዶሮ እንቁላል የምታህል ማሽን ናት፤ ክንፍም ላባም የላትም። ድሮ በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ያየውን በስውር የሚናገረውን ሰው «ወፍ» ይሉት ነበር። ጣና ላይ የተንሳፈፈችው ከተማ ልማዱን ይዛ ሰውየውን በማሽን ተካችው። ማሽኗ አታማም፣ አታዳላም፣ አትሳሳትም ይባላል። ይህን የሚሉት እንግዲህ የሠሯት ናቸው።

የዛሬው ጉዳይ የሸንጎው በር ነው። ከአርባ ቀን በፊት፣ ምርጫው ለሦስተኛ ጊዜ ተራዘመ ሲባል የምሥራቅ ሰፈር ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ የከተማውን ሸንጎ ወረረ። ወንበሩ ተሰባበረ፣ መዝገቡ ሐይቅ ገባ። በሩ ተገንጥሎ ሲወድቅ ዘበኛው አቶ አንማው ከሥሩ ቀሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጧት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ደረሰ ልጄ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ እትዬ ጠጄ።»

«ታግሻለሁ። ይገርምሻል፣ አንማው እኮ የቤታችንን በር እንኳ ሁለቴ ሳይነካካ አይተኛም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በር ይግደለው?»

ስንዱ ወደ ወፏ ዞረች። በዕለቱ ሸንጎው ደጅ የነበረው የሰፈሩ ሰው፣ ስንዱንም ጨምሮ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ፣ እየብቻው ገብቶ፣ ምሎ፣ ያየውን ለወፏ ተናግሯል። ወፏ አመዛዝና አንድ ስም ትጠራለች፤ ስሙ የተጠራ ሰው ይጠየቃል። ስንዱ ቁልፉን ተጫነች።

«አንማው» አለች ወፏ።

«የሟቹን ስም አልጠየቅኩሽም።»

«በሩን ከውስጥ የከፈተ አንማው ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ከአራት መቶ አሥራ ሁለት።»

ስንዱ ወንበሯን ያዘች። እንዲህ ብላ የተናገረችው እሷ ብቻ ትመስላት ነበር። ዋሽታ ነው የተናገረችው፤ አርባ ቀን ሙሉም ሲያንገበግባት ቆይቷል። ታዲያ ሁሉም ያንኑ ካለ፣ ምናልባት እውነት ይሆን? በሩን ስትገፋ የተሰማት የብረቱ ቅዝቃዜ አሁንም መዳፏ ላይ አለ። ደግሞስ የተከፈተን በር ማን ይገነጥለዋል? የራሷን ትዝታ ማመን አቃታት።

ለዳኛ ሽባባው ደወለች።

«ያለችውን ጻፊና ዝጊው» አሏት። «ስሙ ሸንጎው ግድግዳ ላይ ይቀረጻል፤ በሩን አሳልፎ የሰጠ ተብሎ።»

«ክቡር ዳኛ፣ ማሽኗ ሳትበላሽ አትቀርም።»

«አራት መቶ ሰው ተማክሮ ይዋሻል እንዴ? እስከ ማታ ይዘጋ።»

ወፏ ከምስክርነቱ ውስጥ ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ ሳሉንና ዝምታውን እየለየች የምትጥልበት ቋት አላት። ባለሙያዎቹ ገለባ ይሉታል። ገለባ መስማት አልተከለከለም፤ ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ ነው። ስንዱ ከፈተችው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ…» አለ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ሳል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ…» አለች አንዲት ኮረዳ። አንዱ አለቀሰ። ሌላው ቀስ ብሎ «ይቅር በለኝ አንማው፣ ጎረቤቴ እኮ ሦስት ልጆች አሏት» አለ። ስንዱ የራሷን ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ የእናቷን።

ማንም ከማንም አልተማከረም። እያንዳንዱ ብቻውን ገብቶ ለጎረቤቱ አዘነና ከእንግዲህ ምንም የማይሆነውን ሰው መረጠ። ስንዱ አፈረች፤ ደግሞ ሰፈሯን ወደደችው፤ የትኛው እንደሚበልጥባት ግን አላወቀችም።

ወፏን ወደ አፏ አስጠጋች። «ቃሌን አርሜያለሁ። በሩ ዝግ ነበር። ገፋነው። እኔም ገፍቻለሁ።»

«አንድ ከአራት መቶ አሥራ ሁለት» አለች ወፏ። «ስሕተት ነው፤ ወደ ገለባ ተጥሏል።»

ስንዱ ወደ በረንዳው ወጣች። ወይዘሮ ጠጄ ቀና አሉ።

«ማንን ጠራች?»

«አቶ አንማውን። ግን ውሸት ነው፣ እትዬ ጠጄ። እሳቸው አልከፈቱም። በሩን ከገፉት እጆች አንዱ የእኔ ነው።»

ሴትዮዋ የስንዱን እጆች ትኩር ብለው አዩ። ይመቱኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልመቷትም።

«የሌሎቹስ?»

«ወፏ አትናገርም።»

«እንግዲያው እንደ ድሮው ይሁን» አሉ ወይዘሮ ጠጄ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው። «ጥሪያቸው። ሁሉም እዚህ ይምጣ፣ ፊቴን እያየ ይንገረኝ። እስከዚያ ማንም ቤቱ አይገባም። እኔም አልገባም።»

ስንዱ እስከ ድልድዩ ሄዳ ቆመች። በየቤቱ በር ላይ ሰው ተቀምጧል፤ እጁን አንሥቶ ሰላም የሚላትም አለ። ከማን እንደምትጀምር ግራ ገባት። ከድልድዩ ማዶ የመጀመሪያው ቤት የእናቷ ነው።