«ቤቶች!» ብዬ ታንክ ያንኳኳሁ ቀን

የምነግራችሁ ነገር በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። መዋሸት ብፈልግ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ውሸት አላጣም ነበር።

ደግሞ በእኩለ ሌሊት፣ መቃብር ቦታ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ቀትር ላይ።

ጳጉሜ 1976 ዓ.ም.፣ ላፍቶ።

የዛሬዋን ላፍቶ የሚያውቅ ሰው የያኔዋን አያውቃትም። አሁን ሀይሌ ጋርመንት የምትሉት አካባቢ ማሳ ነበር። ከእኛ ግቢ ጀርባ ጭቃ፣ ከጭቃው ማዶ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ወደ ፉሪ የሚወስድ ሜዳ... በቃ። ክረምት ሲገባ ከዝናብና ከጅብ በቀር የሚጎበኘን አልነበረም።

ግቢው ታንክ የሚጠገንበት ነው። በቆርቆሮ የታጠረ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ግቢ።

እኔ መዝገቡ እባላለሁ። እዚያ በያጅ ነበርኩ።

የተመቱ ብረት ለበሶች ከግንባር ይመጡልናል። ቀዳዳቸውን እንደፍናለን፣ ቀለም እንቀባቸዋለን፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ውስጣቸው የነበሩት ሰዎች ግን አብረው አይመጡም።

ታናሽ ወንድሜ ደምሰው የታንክ ሾፌር ነበር።

እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ ይልክልኝ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እሱም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። መርዶ ቢመጣ ድንኳን ጥዬ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አቃተኝ። በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የምኖረው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ እትዬ ሐሚዳ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት፣ ደምሰውንም ባሳደግኩባት አንዲት ክፍል ነበር።

ደምሰው ልጅ እያለ አንድ ጨዋታ ነበረችው። ከሥራ ስመለስ በሩን አንኳኩቼ «ቤቶች!» እላለሁ። እሱ ኮቴዬን እያወቀ፣ ድምፁን እንደ ትልቅ ሰው አወፍሮ «ማነው?» ይለኛል።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም» ይልና በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ይከፍትልኛል።

ከሄደ በኋላም ልማዱ አለቀቀኝም። በየምሽቱ የተቆለፈውን በሬን አንኳኩቼ «ቤቶች» እል ነበር። የሚመልስልኝ እንደሌለ አውቃለሁ... ዝም ብሎ ባዶ ቤት መግባት ከብዶኝ ነው።

ወደ ግቢው ልመልሳችሁ።

የበያጆቹ አለቃ ጋሽ ሙሉሰው ሲሆን፣ እሱ ያመጣው አንድ ደንብ ነበር። ከግንባር የመጣ ታንክ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት በመዶሻ ይንኳኳል። «ቤቶች!» ይባላል። ትንሽ ይጠበቃል። ከዚያ ይከፈታል።

«ሰው የኖረበት ነው፤ ዘው ተብሎ አይገባም» ይለናል።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ፣ ብቻህን ከሆንክ አታንኳኳ የሚል ነው።

«ለምን?» አልኩት አንድ ቀን።

«ማነው ቢልህ ምን ልትመልስ ነው?»

ሳቅን። እሱም የሳቀ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት አንድ ታንክ በተጎታች መጣልን። የጎን ቁጥሩ በቀለም ተሸፍኗል። የየትኛው ጦር እንደሆነ ጠየቅኩ፤ እንደ ወትሮው የሚነግረኝ አጣሁ። የአብዮት በዓል አሥረኛ ዓመት ሊከበር ቀናት ቀርተውታል፤ ታንኩ ተደፍኖና ተቀብቶ ለሰልፍ እንዲደርስ ታዘዝን።

ግንባሩ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ሾፌሩ በሚቀመጥበት ትይዩ... ጣት የምታክል ቀዳዳ ነበረችበት።

ጠዋት ዝናቡ ሲበረታ ቆርቆሮው ጥግ ተጠለልን። ኢታና፣ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ የመጣው መካኒካችን፣ ወሬ ጀመረ። ስለ ታንክ ከተነሳ ኢታናን የሚያስቆመው የለም።

«እንግሊዞች አሁን በሁለት ብረት መሃል ሸክላ ነገር ያስገባሉ አሉ።»

«ሸክላ?» አለ ጋሽ ሙሉሰው። «እኔ ቤት ሸክላ በማማሰያ ይሰበራል።»

«እንዲህ ያለው አይደለም፤ ታንክ የሚበሳውን የእሳት ኃይል የሚሰብር ነው። እስራኤሎች ደግሞ ፈንጂ ያለበት ሳጥን በታንኩ ላይ ይደረድራሉ። የሚመታው ነገር ሲደርስ ሳጥኑ ቀድሞ ወደ ውጭ ይፈነዳና ይበትነዋል።»

«የእኛስ?»

«የእኛ ብረት ብቻ ነው። ወፍራም ነው፣ ግንባሩንም ያጋደሙት እንዲያንሸራትት ነው። ግን ይቺን አይችላትም።» ወደ ቀዳዳዋ ጠቆመ። «ከውጭ ስታያት ይቺው ናት። ከውስጥ ግን...»

ድንገት አየኝና ተወው። ወንድሜን ያውቃል።

«ሾፌሩ በምን ይወጣል?» አልኩት።

«ከራሱ በላይ ባለው ክዳን።»

«ሁልጊዜ ይከፈታል?»

«መድፉ ዞሮ ከላዩ ካልተጋደመበት።»

«ከተጋደመበትስ?»

ኢታና ዝናቡን ማየት ጀመረ።

ሲያባራ ቀዳዳዋን ልለካ ሄድኩ። ብርድ ነበር፤ ብረቱ እጅ ይቆርጣል። ጣቴን ወደ ቀዳዳዋ ሳስጠጋ... ትኩስ አየር ነካኝ።

መጣ፣ ሄደ። መጣ፣ ሄደ።

ታንኩ ከመጣ ጀምሮ ሞተሩ አልተነሳም። ንፋስ ነው አልኩ። ሰው መቼም ለራሱ ምክንያት አያጣም።

መድፉ ያን ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ወደ አጥሩ ዞሮ እንደነበር ልብ በሉልኝ። ስለካ ጎንበስ ቀና ያልኩት ከላዬ ምንም ሳይኖር ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው ሁሉ ለበዓሉ ውይይት ወደ አዳራሹ ተጠራ። እኔ የምደፍንበትን ብረት እንድጨርስ ብቻዬን ቀረሁ።

ግቢው ጭር አለ። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል።

በጣም ብቸኝነት ተሰማኝ። ያን ሁሉ እርጥብ ብረት ሳይ ደምሰው ዝናብ ሲመታው እንዴት ይንዘፈዘፍ እንደነበር ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ሳላስበው መዶሻዬን አንስቼ አንኳኳሁ።

«ቤቶች!»

ውኃው ይንጠባጠባል...

«ማነው?»

ድምፁ የመጣው ከቀዳዳዋ ነው።

ኢታና እያሾፈብኝ መሰለኝ። ግን ኢታና አዳራሽ ነው፤ ሲገባ አይቼዋለሁ። እግሬ ሊሸሽ ሲል አፌ ቀደመው። ሰው «ማነው» ሲባል ሌላ ምን ይላል?

«እኔ ነኝ።»

ጆሮዬን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁ።

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ያቺን ጨዋታ ለማንም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሳቁን ጠበቅኩ። ደምሰው ይህን ብሎ ሳይስቅ የቀረበት ቀን የለም።

ሳቁ አልመጣም።

«ደምሰው?»

«ጋሼ... ክፈትልኝ።»

«የት ነህ?»

«ቦታዬ ላይ።»

«ብቻህን ነህ?»

«ጨለማ ነው ጋሼ። ክፈትልኝ።»

ወደ ሾፌሩ ክዳን ዘለልኩ። ዘልዬም ደርቄ ቀረሁ።

መድፉ ከክዳኑ በላይ ተጋድሟል።

ጠዋት ወደ አጥሩ የዞረው መድፍ! እሱን ለማዞር ሰው ከውስጥ ተቀምጦ ማዞሪያውን በእጁ ማሽከርከር አለበት። ውስጥ ደግሞ... ሰው አልነበረም።

ብሸሽ ኖሮ ማንም አይፈርድብኝም። ግን ወንድሜ ነው። ከላይኛው ክዳን ወደ ውስጥ ገባሁ።

ነጭ ቀለም፣ ባዶ ወንበሮች፣ የናፍጣና የተቃጠለ ነገር ሽታ። ከወዲያ፣ ከሾፌሩ በኩል፣ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ጨለማ ስለሆነ አይታየኝም።

«መጣሁ» አልኩት በሹክሹክታ። «አይዞህ፣ መጣሁ።»

ማዞሪያውን ያዝኩ። ይህ ነገር ከባድ ነው፤ ትከሻ ይገነጥላል። ያን ቀን ግን ቀለለኝ።

ሌላ እጅ አብሮኝ እያሽከረከረ ይመስል... ቀለለኝ።

መድፉ ዞረ። ወጥቼ የሾፌሩን ክዳን በሁለት እጄ ከፈትኩት። የቀትር ብርሃን ገባ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ግን ወንበሩ ተጎድጉዷል። ሰው የተቀመጠበት ያህል፣ ወደ ታች ተጎድጉዷል።

አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን እዚያ ክዳን ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ።

«ና ውጣ» አልኩት። «ና፣ ቤታችን እንሂድ።»

ወንበሩ ቀስ እያለ... ቀና አለ። ሰው ሲነሳለት እንደሚቀናው።

ትኩስ አየር ፊቴን ዳብሶኝ አለፈ። ከዚያ እንደገና ዳበሰኝ። ከዚያም እንደገና።

ሰዎቹ ከውይይት ሲመለሱ ጭቃው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። ጋሽ ሙሉሰው የተከፈተውን ክዳን አየ፤ የወደቀውን መዶሻ አየ። ሌሎቹን በእጁ አርቆ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አንኳኳህ?»

«አዎ።»

«መለሱልህ?»

«ወንድሜ ነው ጋሽ ሙሉሰው። ደምሰው ነው። ድምፁን አላጣውም።»

«ምን አልከው?»

«ቤታችን እንሂድ አልኩት።»

ባርኔጣውን አወለቀ።

«መዝገቡ፣ ‹ቤቶች› ስትል እኮ አንድ ሰው አልጠራህም» አለኝ። «ዛሬ እኔ ዘንድ እደር።»

እሺ አልኩት። ውሸቴን ነው። ወንድሜ ቤት ሄዶ ከሆነ በር ላይ ላስቀምጠው?

ከሥራ እንደወጣሁ እየሮጥኩ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ደረስኩ፤ ፀሐይዋ ዝናብ እንደጠገበች ፈዝዛ ገና አልጠለቀችም። እትዬ ሐሚዳ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰቡ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ደምሰው ገባልህ አይደል? አልሐምዱሊላህ!»

«አዩት እንዴ?» አልኳቸው።

«አላየሁትም። ከዙህር ሶላት በኋላ በበርህ ሳልፍ ‹ማነው?› አለኝ ከውስጥ። ድምፁን መቼም አልረሳውም። በውጭ ተቆልፎ ሳይ፣ መንገድ ስለደከመው ተኝቶ እንዲያርፍ ቆልፈህበት የሄድክ መሰለኝ። ሰው አይረብሸው ብዬ እኔም ዝም አልኩ።»

ወደ በሬ ሄድኩ።

ቁልፉ ጠዋት እንደቆለፍኩት ነው። በቆርቆሮው በር ላይ የቆየች የሚስማር ቀዳዳ አለች። እጄን አስጠጋሁ።

ትኩስ አየር። መጣ፣ ሄደ። የናፍጣ ሽታ አለው።

መክፈቻዬን አወጣሁ፤ ግን አልከፈትኩም። ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ዘው ተብሎ አይገባም። በጣቴ አንኳኳሁ።

«ቤቶች...»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ጠበቅኩ። እግዜር ያውቃል፣ ፈርቼ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቴ ውስጥ ሰው አለ።

ያን ጊዜ ሳቁ መጣ። የደምሰው ሳቅ፣ ያቺው የልጅነት ሳቁ።

ከእሱ ሳቅ ሥር ሌላ ወፍራም ሳቅ ተከተለ። ከዚያ ሌላ... ከዚያ ሌላ። የማላውቃቸው ወንዶች ሳቅ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ።

ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። መክፈቻው በእጄ ነው።

ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ሲሳብ ሰማሁ።